አገርን በእግር ዐውቆ ስለ መጻፍ፤ የ«ዋልያ»ና የ«አጋዘን» መጽሔቶች ታሪክ

በታሪክ ክበብ ተማሪዎች የቀረበ



ይህ የበዓል መጽሔት ሲዘጋጅ ለታሪክ ክበባችንም ጥቂት ገጾች ተመደቡለት። ስለ ትምህርት ቤታችን አመሠራረት ሌሎች ጓደኞቻችን ስለሚጽፉ፣ እኛ ምን እንጻፍ ብለን ስንከራከር የታሪክ መምህራችን ወደ መስኮቱ ጠቁመው፣ «ያን ተራራ በየማለዳው ታዩታላችሁ፤ ለመሆኑ ስለ እርሱ ያነበባችሁት የት ነው?» ብለው ጠየቁን። የጠቆሙት በስተ ምሥራቅ ወዳለው ወደ ዞብል ተራራ ነበር። ከመካከላችን መልስ የሰጠ አልተገኘም። ስለ ኪሊማንጃሮ አንብበናል፤ የአልፕስ ተራሮችንም በጂኦግራፊ መጽሐፍ ላይ በሥዕል አይተናል፤ ስለ ዞብል ግን ከአያቶቻችን ወሬ በቀር በጽሕፈት ያየነው አንዳች ነገር አልነበረም።

ይህ ዝምታችን ቢከነክነን ፍለጋ ጀመርን። ፍለጋው ቀላል አልነበረም። በ2021 እና በ2022 ጦርነቱ በከተማችን ባለፈ ጊዜ በክልላችን ብዙ ትምህርት ቤቶች መጻሕፍታቸውን አጥተዋል፤ ስለዚህ የተገኘውን ከየሰዉ ቤት እየተዋስን አነበብን። ባነበብን መጠን ግን ጥያቄያችን ራሱ እየተለወጠ ሄደ። «ስለ ዞብል ማን ጻፈ?» ያልነው ቆይቶ፣ «አገርን በእግሩ ዞሮ፣ አይቶ፣ ጽፎ የሚያትም ማን ነው? ወጪውንስ የሚከፍለው ማን ነው?» ወደሚል ዞረ። አሁን የምናቀርበው የዚህን የሁለተኛውን ጥያቄ ታሪክ ነው። የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውልልን፤ ያነበብናቸው መጻሕፍት እንዲሁ ስለሚቆጥሩ ነው።

አገራችንን ለማያውቅ አንባቢ አስቀድመን ጥቂት እንንገር። ቆቦ ከወልድያ ወደ መቀሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች ከተማ ናት። በስተ ምዕራብ የላስታ ደጋ እንደ ግንብ ቆሟል፤ በስተ ምሥራቅ የዞብል ተራራ ከአፋር በረሃ ይለየናል፤ በሁለቱ መካከል የራያ ሜዳ ተዘርግቷል። ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ገበሬዎቻችን በቦይ ጠልፈው ማሽላቸውን ያጠጣሉ፤ ደጋሊትና ጅጉርቲ የሚባሉት የማሽላ ዐይነቶች የዚሁ ሜዳ ልጆች ናቸው። ሆርማትና ጎሊና የሚባሉት ወንዞችም ከዚያው ከደጋው ወደ ምሥራቅ ይወርዳሉ። እንግዲህ ይህ ሜዳ ለጽሕፈት የሚበቃ ነገር አጥቶ አይደለም።

ከአሮጌዎቹ ጸሐፊዎች መካከል በመጀመሪያ ያገኘናቸው ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የተባሉትን ፖርቱጋላዊ ቄስ ነው። ከፖርቱጋል ንጉሥ ከተላኩት መልእክተኞች ጋራ በ1520 በምጽዋ በኩል ገብተው ስድስት ዓመት በአገራችን ተቀመጡ፤ መጽሐፋቸውም በሊዝቦን ከተማ በ1540 ታተመ። ከትግራይ ተነሥተው ወደ አንጎት ሲሻገሩ መንገዳቸው በዛሬው ራያ ዳር አለፈ። በዚያ ዘመን በቆላው ዶባ የሚባል ሕዝብ ይኖር ነበር። አልቫሬዝ ስለዚህ ሕዝብ ሲጽፉ፣ የዶባ ጐበዝ 12 ክርስቲያን መግደሉን ካላስመሰከረ ሚስት ማግባት አይፈቀድለትም ይላሉ። ይህን ስናነብ ብዙዎቻችን ሳቅን፤ አንዳንዶቻችን ግን ተቆጣን። ሕግ በዐይን የሚታይ ነገር አይደለም፤ ይህን የነገሯቸው በዶባ አጠገብ በፍርሃት የሚያልፉ መንገደኞች መሆናቸውን መገመት አያስቸግርም። ቄሱ መልካም ጸሐፊ ናቸው፤ የተራራውን፣ የገበያውን፣ የቤተ ክርስቲያኑን አሠራር በዐይናቸው አይተው የጻፉት ዛሬም ለታሪክ ተማሪ እንጀራ ነው። ነገር ግን ያዩትንና የሰሙትን በአንድ ሚዛን ስላስቀመጡ፣ ዶባ አምስት መቶ ዓመት ሙሉ የ12 ሰው ገዳይ ተብሎ ሲነበብ ኖረ። ዶባዎች ራሳቸው የጻፉት መልስ የለም።

ከዚህ በኋላ 348 ዓመት ቆይቶ በ1868 የእንግሊዝ ጦር በጄኔራል ናፒየር መሪነት ወደ መቅደላ ሲሄድ በአሸንጌ ሐይቅ አጠገብ አለፈ። ጦሩ ከህንድ ያመጣቸው 44 ዝሆኖች ነበሩት። በኮረም ገደል ላይ ዝሆን መድፍ ተሸክሞ ሲሄድ የተመለከተ እረኛ ማታ ለቤተ ሰዎቹ ምን ብሎ አውርቶ ይሆን? ይህን ማን ጻፈው? ከጦሩ ጋራ ክሌመንትስ ማርካም የተባሉ የጂኦግራፊ ሊቅና ዊልያም ብላንፎርድ የተባሉ የድንጋይና የእንስሳት ተመራማሪ አብረው ነበሩ። ማርካም በ1869፣ ብላንፎርድ በ1870 መጽሐፋቸውን አሳተሙ። ይሁንና የጦሩ መንገድ በደጋው በኩል ስለ ነበረ፣ የእኛ ሜዳ ከሩቅ ታየ እንጂ አልተረገጠም።

ከዞብል ማዶ ያለውን የአፋርን በረሃ ደግሞ ሌሎች ሄዱበት። ኔስቢት የተባሉ መሐንዲስ በ1928 ከሁለት ጣልያኖች ጋራ ከደቡብ ወደ ሰሜን አቋርጠውታል። በ1910 በአዲስ አበባ የተወለዱት ዊልፍሬድ ቴሲጀርም በ1933 እና በ1934 የአዋሽን ወንዝ እስከሚጠፋበት ድረስ ተከትለው ሄዱ። የሁለቱም ዘገባ የወጣው በለንደን የንጉሣዊ ጂኦግራፊ ማኅበር በሚያሳትመው መጽሔት ነው፤ የመጀመሪያው በ1930፣ ሁለተኛው በ1935። እንግዲህ በምዕራብ በኩል ጦር፣ በምሥራቅ በኩል የበረሃ ተጓዥ አለፈ፤ ራያ ቆላ በመካከል ቀረ። አባቶቻችን «የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ» ይላሉ፤ ነገር ግን በሬው ገና ወደ መስኩ አልወጣም ነበር።

አሁን ወደ መጽሔቶቹ እንመለስ። ባነበብነው ሁሉ አንድ ነገር አስተውለናል። ስለ ተራራ፣ ስለ በረሃና ስለ ዱር የሚጽፉ የቆዩ መጽሔቶች ብዙውን ጊዜ የነጋዴ ልጆች አይደሉም፤ የማኅበር ልጆች ናቸው። በ1857 በለንደን የተራራ ወጪዎች ማኅበር ተቋቋመ። አባላቱ የወጡበትን ተራራ ታሪክ በ1859 በአንድ መጽሐፍ ሰበሰቡ፤ ከ1863 ጀምሮም «አልፓይን ጆርናል» የተባለውን መጽሔት ማሳተም ያዙ። የሚጽፉትም የሚያነቡትም እነዚያው ተራራ የሚወጡት ሰዎች ነበሩ። እንዲህ ያለ አንባቢን ማታለል አስቸጋሪ ነው። ያልወጣውን ወጣሁ የሚል ሰው ቢኖር በሚቀጥለው በጋ ሌላው አባል በዚያው ድንጋይ ላይ ይቆማልና። ከዚህም የተነሣ የአጻጻፉ ልማድ ታወቀ፤ በስንት ሰዓት እንደ ተነሡ፣ ውኃ የት እንዳገኙ፣ የት እንደ ተሳሳቱ፣ ማን ወደ ኋላ እንደ ተመለሰ ይጽፋሉ። ጀግንነትን ከማውራት ይልቅ ለሚከተለው መንገደኛ መንገዱን ማሳየት ይበልጣል ማለት ነው። ለእኛ ይህ ልማድ ከተራራው ከፍታ ይልቅ የሚያስደንቅ ሆኖ ታየን።

የገንዘቡ ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። መጽሔት ወረቀት ይፈልጋል፤ ወረቀት ደግሞ ከፋይ ይፈልጋል። መንግሥት ሲከፍል መንግሥት የሚወደው ይጻፋል፤ ባለ ሆቴል ሲከፍል ተራራው ሁሉ ውብ፣ መንገዱ ሁሉ ደልዳላ ይሆናል። አባሎቹ በየዓመቱ ከኪሳቸው በሚያዋጡት የሚታተም መጽሔት ግን ቀጭን ቢሆንም ምላሱ የራሱ ነው። ይህ ነጻነት ዋጋ የሚያስከፍልበት ጊዜ መኖሩን የሚያሳይ አንድ ታሪክ ከአሜሪካ አገኘን፤ ጥቂት እናስፋው።

በ1892 በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ «ሲዬራ ክለብ» የተባለ ማኅበር ተመሠረተ። የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ጆን ሙር የተባሉ፣ ተራራውን ሁሉ በእግራቸው የዞሩ ሰው ነበሩ፤ እስከ ሞቱበት እስከ 1914 ድረስም በዚሁ ሥልጣን ቆዩ። ማኅበሩ ከ1893 ጀምሮ የራሱን መጽሔት አሳተመ። ሔች ሔቺ የሚባለው ሸለቆ በግድብ ውኃ እንዳይዋጥ ብዙ ዓመት ጽፈው ተከራከሩ፤ ሆኖም በ1913 ግድቡን የሚፈቅደው ሕግ ወጣና ተሸነፉ። ከ50 ዓመት በላይ ቆይቶ መንግሥት በኮሎራዶ ወንዝ ላይ፣ ታላቁ ካንየን በሚባለው ገደል አካባቢ ሁለት ግድቦች ለመሥራት አሰበ። በዚህ ጊዜ ማኅበሩ በመጽሔቱ ብቻ መናገር እንደማይበቃ ዐውቆ በሰኔ ወር 1966 በታላላቅ ጋዜጦች ላይ ሙሉ ገጽ ገዝቶ ተቃውሞውን አሳተመ። በማግስቱ ከግብር መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ። ለማኅበሩ የሚሰጥ ስጦታ ከግብር የሚቀነስበት መብት አጠራጣሪ ሆኗል የሚል ነበር፤ በዚያው ዓመትም መብቱ ተነጠቀ። ማኅበሩን የሚረዱ ባለጸጎች የሚሸሹ መሰለ። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ በየአገሩ ያለ ሰው አነስተኛ መዋጮውን ይዞ አባል ለመሆን መጣ፤ በ1968 የወጣውም ሕግ ሁለቱን ግድቦች ሳይጨምር ወጣ። ባለጸጎቹ ቢሸሹ ኖሮ ማኅበሩን ያቆየው የነዚያ የብዙዎቹ ሳንቲም ነበር።

እንግዲህ በዚያው በ1966፣ በመስከረም ወር፣ በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ተቋቋመ። የሁለቱ ዓመት መግጠም አጋጣሚ ነው፤ እኛ ግን ስናነብ ደስ ብሎናል።

አዲስ አበባ በነጻ መጽሔት ረገድ ባዶ አልነበረችም። እንግሊዛዊቱ ሲልቪያ ፓንክረስት ጣልያን አዲስ አበባን በያዘበት ሳምንት፣ በግንቦት 1936፣ «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለውን ጋዜጣ በአገራቸው ጀምረው 20 ዓመት ሙሉ ስለ ኢትዮጵያ ተሟገቱ። የገዛ መንግሥታቸው ፊቱን ባዞረበት ጊዜ እንኳ ብዕራቸውን አላስቀመጡም። በ1956 ወደ አዲስ አበባ መጥተው «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» የተባለውን መጽሔት አቋቋሙ። በ1960 ሲሞቱም በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ። ልጃቸው ሪቻርድ ፓንክረስት ከባለቤታቸው ከሪታ ጋራ መጽሔቱን እስከ 1974 ድረስ አዘጋጁት። እውነቱን ለመናገር፣ ወይዘሮ ሲልቪያ ለሎንዶን መንግሥት ያልሰጡትን ምስጋና ለአዲስ አበባው ቤተ መንግሥት በሰፊው ሰጥተዋል፤ በዚህ በኩል ነጻነታቸው ጐደሎ ነበር ብንል ድፍረት አይሁንብን። ጣልያን አገራችንን በያዘበት ጊዜ ያሳዩትን ጽናት ግን ይህ አያደበዝዘውም።

የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበሩ ሲቋቋም የዱር እንስሳት ጉዳይ በአገራችን ገና ጮርቃ ነበር። ሌስሊ ብራውን የተባሉት የአእዋፍ ሊቅ በባሌና በስሜን ተራሮች ያደረጉትን ጉዞ በ1965 በመጽሐፍ አውጥተው ነበር። የስሜን ተራሮችና የአዋሽ ፓርኮች በአዋጅ የተከለሉት ግን በ1969 ነው። ማኅበሩም በዚያው በ1969 የመጀመሪያውን መጽሔቱን አሳተመና ስሙን «ዋልያ» አለው። ዋልያ ከስሜን ገደሎች በቀር በዓለም ላይ በየትም በዱር የማይገኝ እንስሳ መሆኑን አንባቢ ሁሉ ያውቃል፤ ለመጽሔት ከዚህ የተሻለ ስም ማውጣት አይቻልም። አባላቱ በኅብረት ወደ ሜዳ እየወጡ፣ ወፍ እየቆጠሩ፣ ዛፍ እየለዩ፣ ያገኙትን ለመጽሔታቸው የሚያቀርቡ ሆኑ። የአልፓይኖቹ ልማድ በአገራችን ሥር የያዘው በዚህ ዐይነት ነው።

«ዋልያ» የሊቃውንት መጽሔት ነው፤ የሚናገረውም በእንግሊዝኛ ነው። በዚህ ላይ ቅሬታ አለን። የስሜን ገበሬ ስለ ዋልያ የተጻፈውን ማንበብ ካልቻለ፣ ገደሉን ከዋልያው ጋራ የሚካፈለው ሰው ከጨዋታው ውጭ ሆነ ማለት ነው። ይህ የአንድ መጽሔት ጥፋት ብቻ አይደለም። ኒኮል የተባሉት ከ1967 እስከ 1969 የስሜን ፓርክ ጠባቂ የነበሩ ሰው በ1971 ያሳተሙትን መጽሐፍ መምህራችን ከፍለው ከፍለው ሲተረጉሙልን ብርዱን፣ ገደሉን፣ ከአዳኞች ጋራ የነበረውን ትግል በመገረም ሰማን። ነገር ግን እኛ የገበሬ ልጆች ስለ ሆንን፣ ዛፍ የሚቆርጠውና መሬት የሚያርሰው ሰው በመጣ ቁጥር ልባችን ወደዚያ ያዘነብል ነበር። ዋልያው መኖር አለበት፤ ሰውዬውስ? ስሜን በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በፓርኩ ውስጥ የነበሩት የግጭ መንደር ነዋሪዎችም በ2016 ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። ይህን ሁለተኛውን ታሪክ ከነዋሪዎቹ አንዱ በብዕሩ ቢጽፈው ምንኛ በወደድን ነበር።

ማኅበሩ ይህን ጉድለት ሳያስተውል አልቀረም። «አጋዘን» የተባለውን ሌላ መጽሔት ለወጣቶች ማሳተሙ፣ በየትምህርት ቤቱም የተፈጥሮ ክበቦችን መርዳቱ ይህን ያሳያል። ወፍ ማለት በወንጭፍ የሚመታ ነገር ነው ብሎ ላደገ ልጅ፣ ያችው ወፍ ክረምቷን ከአውሮፓ ብርድ ሸሽታ እኛ ዘንድ እንደምትከርም በገዛ ቋንቋው ማንበብ ትልቅ ነገር ነው። ከእኛ መካከል አንዱ፣ ስሙን አንጠራም፣ ይህን ከሰማ ጀምሮ ወንጭፉን ለማሽላ ጥበቃ ብቻ ነው የሚይዘው።

የማኅበሩን ዕድሜ ስናስብ ደግሞ አንድ ነገር ያስገርመናል። «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» በአብዮቱ ዓመት ቆመ፤ ብዙ ሌሎች መጽሔቶችም ከመንግሥት ጋራ መጥተው ከመንግሥት ጋራ ሄዱ። ይህ ማኅበር ግን ንጉሡንም፣ ደርግንም፣ ከዚያ የተከተለውንም መንግሥት አልፎ ኖረ። ምክንያቱ ምን ይሆን ብለን ተከራከርን። ከፊላችን ወፍ የሚቆጥር ሰው ለማንም አያሰጋም አልን፤ ከፊላችን ደግሞ በአባላት ላይ የቆመ ነገር አንዱ ምሰሶ ቢወድቅ በሌላው ይደገፋል አልን። ሁለቱም እውነትነት ሳይኖረው አይቀርም። የአባላት መዋጮ ብቻውን ለትልልቅ ሥራ አይበቃምና፣ ማኅበሩ ከውጭ አገር ረጂዎች ጋራም ይሠራል፤ ረጂም ቢሆን የራሱ ፈቃድ እንዳለው መርሳት አይገባም።

ከሥራዎቹ ሁሉ እኛን የነካን በ1996 የወጣው መጽሐፍ ነው። ለአእዋፍ ሕይወት እጅግ የሚያስፈልጉ 69 ቦታዎች ከመላው ኢትዮጵያ ተመርጠው በዚያ መጽሐፍ ተዘርዝረዋል። ጣታችንን በዝርዝሩ ላይ እያስኬድን ስንወርድ የአሸንጌን ሐይቅ አገኘን፤ የሁጉምቡርዳንና የግራ ካሕሱን ደንም አገኘን። ግራ ካሕሱ! ወደ ኮረም ስንሄድ ከአላማጣ በላይ አውቶቡሱ እያቃሰተ የሚወጣው ያ ጠመዝማዛ ዳገት! ያን ጊዜ የነበረውን ጩኸት የሰማ ሰው ፈተና ያለፍን ይመስለው ነበር። የምናውቀው ስም በኅትመት ላይ ሲገኝ የሚሰማውን ደስታ የትልልቅ ከተማ ልጆች የሚረዱት አይመስለንም።

አሁን ከአልቫሬዝ ጋራ ልናነጻጽረው የምንወደውን አንድ ታሪክ እንጨምር። በ1990 ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎች በነጭ ሣር ሜዳ ሲዘዋወሩ በመንገድ ላይ ሞቶ የተደፈጠጠ የሌሊት ወፍ አገኙ፤ የሌሊት ወፍ ስንል በጨለማ የምትበርና ላባ ያላት ወፍ ማለታችን እንጂ ያችን ጥርስ ያላትን አይደለም። ሥጋው በስብሶ ስለ ነበር ያነሡት አንድ ክንፍ ብቻ ነው። ክንፉን ወስደው ከዚህ በፊት ከታወቁት ጋራ ቢያስተያዩት የሚመስለው ጠፋ። በ1995 «አይቢስ» በተባለው የአእዋፍ ሊቃውንት መጽሔት አዲስ ዐይነት መሆኑን ሲያስታውቁ በላቲን ቋንቋ «ሶላላ» ብለው ጠሩት፤ ትርጓሜውም «ክንፍ ብቻ» ማለት ነው። ያገኙት ክንፍ ብቻ መሆኑን በስሙ ላይ ራሱ ጻፉት። ዐይኑ እንዲህ ነበር፣ ድምፁ እንዲህ ነበር ብለው አልጨመሩም። ቄሱ ስለ ዶባ ከሰሙት 12 ሰው ፋንታ እንዲህ ቢያደርጉ ኖሮ፣ «የሰማሁት ብቻ» የሚል ቃል በመጽሐፋቸው ላይ እናገኝ ነበር።

ይህን ሁሉ ካነበብን በኋላ ነገሩ ወደ ራሳችን መጣ። ይህን የበዓል መጽሔት ለማሳተም ገንዘብ አጥሮን ሳለ አንድ ባለ ሀብት ወጪውን በሙሉ ልክፈል አሉን። ስማቸውን መጥቀስ አያስፈልግም። በምትኩ የጠየቁት አራት ገጽ ነው፤ ስለ ሕይወታቸውና ስለ ደግነታቸው ከተማሪዎች ብዕር እንዲጻፍ ወደዱ። አዘጋጅ ኮሚቴው ሁለት ምሽት ተከራከረ። ገሚሱ «ገንዘቡ ከተገኘ ምን ቸገረን? ሰውዬው ደግ መሆናቸውም እውነት ነው» አለ። ሌላው «ደግነታቸውን አይተናል ወይስ ሰምተናል?» ብሎ ጠየቀ፤ ይህን የጠየቀችው ከክበባችን አንዲት እኅታችን ናት። በመጨረሻ መምህራችን ወደ ሰውዬው ሄደው በአክብሮት ነገሯቸው። የንግድ ቤታቸው ማስታወቂያ በጀርባው ገጽ ላይ፣ ማስታወቂያ ተብሎ፣ በተለመደው ዋጋ ወጥቷል። አራቱ ገጾች ግን አልተጻፉም። ስለዚህም አንባቢ በእጁ የያዘው መጽሔት ካሰብነው ቀጭን ሆነ፤ ሥዕሎቹም ባለ ቀለም አልሆኑም። ቅር ያላችሁ ይቅር በሉን።

ገጹ ከተረፈልን በኋላ ምን እንጻፍበት ለሚለው መልሱ የመምህራችን የመስኮት ጥያቄ ነበር። በጥር ወር በአንድ ቅዳሜ 23 ሆነን ገና ሳይነጋ ወደ ዞብል ግርጌ ሄድን። እያንዳንዳችን ደብተራችንን በመስመር ለሁለት ከፈልን፤ በቀኝ «ያየነው»፣ በግራ «የሰማነው» ብለን ጻፍን። ሁለቱ እንዳይቀላቀሉ ተማማልን። በሦስት ሰዓት ገደማ ፍየል የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ አገኘንና ሰላምታ ሰጠን።

«አባባ፣ ይህ ዛፍ ምን ይባላል?» ብለን ጠየቅን።

ነገሩን፤ ጻፍን። ስለ ሌላውም ጠየቅን፤ ነገሩን። በልጅነታቸው ጊዜ ነብር ከዚህ ወርዶ ፍየል ይወስድ እንደ ነበረም አጫወቱን፤ ይህ በግራው በኩል ተጻፈ። ውኃ ጠምቶን ስለ ነበር ምንጭ በአቅራቢያው እንዳለ ስንጠይቃቸው ግን ዝም ብለው ደብተራችንን አዩት።

«ልጆቼ፣ ይህን የምትጽፉት ለማን ነው? ለግብር ነው? ወይስ መሬቱን የሚፈልግ ሰው አለ?» አሉ።

ለትምህርት ቤታችን መጽሔት መሆኑን ነገርናቸው። የላከን ማንም እንደሌለ፣ የከፈለንም እንደሌለ አስረዳናቸው። ጥቂት አሰቡና ራሳቸው ቀድመው ወደ ምንጩ ወሰዱን። ከጠጣን በኋላ፣ «መጠጣቱን ጠጡ፤ ቦታውን ግን አትጻፉት። በበጋ ለፍየሎቹ የቀረችን ይህችው ናት» አሉን። ከመካከላችን ካርታ የሚሥለው ልጅ እርሳሱን ወደ ኪሱ መለሰ።

ስለዚህ በዚህ መጽሔት በሚቀጥለው ገጽ ላይ በምታዩት የዞብል ግርጌ ካርታ ምንጩ የለም። ከዚያ በታች በወጣው የወፎች ዝርዝርም ሰባተኛው ቦታ ባዶ ነው። ጀርባዋ ቡናማ፣ ሆዷ ነጣ ያለ፣ በደረቅ እሾህ ላይ ተቀምጣ የነበረች አንዲት ትንሽ ወፍ 23ታችንም አይተናል፤ ሽማግሌውም ስሟን አላወቁም። መልኳን ጽፈን የስሟን መስመር ክፍት ትተነዋል።